በአሸዋ የተፈገፈገው ጋን

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጎፋ አጠገብ በነበረ የከረሜላ ፋብሪካ ስኳር የሚፈላበትን የማይዝግ ብረት ጋን የሚያጸዳው እሱ ነበር። ለብ ባለ ውሃ አጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ሲያደርቀው፣ እኔንም ያስቀናኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ከላይ እንግዳ ይመጣል ተባለና የፋብሪካው ካድሬ የቀበሌያችንን ሴቶች ለጽዳት ዘመቻ ጠራን። እኛም እንደ ቤታችን ድስት መስሎን አሸዋና አመድ ይዘን ሄድን።

"ጓድ፣ በአሸዋ ከተፈገፈገ ይጫጫራል፤ ጭረቱም ቆሻሻ ይይዛል" አለ ባለቤቴ።

"አሸዋ የሚፈራ ብረት የአድኃሪ ብረት ነው! ፈግፍጉት፣ ጓዶች!"

የፊተኛውን ጋን ፈገፈግነው። እንደ መስታወት ያበራ የነበረው ጋን እንደ አሮጌ ባልዲ ደበዘዘ። ካድሬውን ላብ አጠመቀው፤ ጣቱንም ባለቤቴ ላይ ቀሰረ።

"ይህ አሻጥር ነው! ለእንግዳው ራስህ ትመልሳለህ።"

ያኔ በአሻጥር የተከሰሰ ሰው ወደ ቤቱ መመለሱን እንጃ።

እንግዳው መጥቶ ጋኑን በመዳፉ ዳሰሰ።

"ኃላፊው ማን ነው?"

ካድሬው ባለቤቴን ገፍቶ አወጣው።

እንግዳው ግን እጁን ጨበጠው። "በየሄድኩበት የሚያብለጨልጭ ብቻ ያሳዩኛል። ሥራ የሠራ ጋን ያየሁት ዛሬ ነው!"

ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው ካድሬው ነበር። በማግስቱም የቀሩትን ጋኖች በአሸዋ እንድንፈገፍግ አስጠራን።