የአባዬ የቅዳሜ ሺፍት

የደረቀ ሣር በሸተተኝ ቁጥር የአባዬ ታክሲ ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ፣ በስደት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አፓርትመንት ውስጥ ስንኖር፣ አባዬ ቅዳሜ ከሰዓት ሺፍት አለኝ ብሎ ይወጣና ሹራቡ ላይ ብጥስጣሽ ሣር ተለጥፎበት ይመለስ ነበር። ታክሲ የሚነዳ ሰው ሣር ከየት ያመጣል?

እማዬ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ነበር የምትደግመው። ሹራቡን ታሸታለች፣ ኪሱን ትፈትሻለች። ይባስ ብሎ አባዬ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ውሃውን ከፍቶ፣ በማናውቀው ቋንቋ ማነብነብ ጀመረ። አማርኛ አይደለም፤ እንግሊዝኛም አይደለም። ሴት ይዟል፣ ቋንቋዋንም እየተማረላት ነው ብላ ደመደመች። እኔም አመንኳት። ሊለያዩ ነው ብዬ ትራሴን አቅፌ አለቀስኩ።

አንድ ቅዳሜ እኔን ከኋላ አስቀምጣ ታክሲውን በመኪናዋ እስከ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ተከተለችው። መንገዱን ሙሉ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ ከያዝኩት ዛሬውኑ ቁልፉን አስቀይራለሁ፣ ደጅ ይደር።

አባዬ የገባው አንድ አሮጌ አዳራሽ ነው። በር ላይ የቆመችው ሴትዮ በአየርላንድ ቋንቋ የተጻፈ የጥንት ኮሜዲ እንደሚታይ ነግራን ከኋላ አስቀመጠችን። መጋረጃው ሲከፈት አባዬ የተቀደደ ካፖርት ለብሶ ቆሟል። ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ሆኖ የቤቱን ሴት ልጅ በግጥም ያባብላል። በእንግሊዝኛ ስልክ ማንሳት የሚፈራው አባዬ ያንን ቋንቋ እንደ ውሃ ያንቆረቁረዋል። ቤተሰቡ ሊያባርረው ፈልጎ የሣር ገመድ ግመድልን አለው። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ወደ ኋላ እያፈገፈገ ከደጅ ወጣ፤ በሩን ዘጉበት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አባዬ ከውጭ ያንኳኳል።

እማዬ አልሳቀችም። ብድግ አለችና በአማርኛ፣

“ኧረ ክፈቱለት” አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ ነገሩን ገለጠልን። አንድ ተሳፋሪ ነው ወደ ድራማው የጋበዘው።

“እዚያ በቋንቋው ሁላችንም ጀማሪ ነን፤ በአክሰንቴ የሚስቅብኝ የለም” አለ። እማዬ ከሹራቡ ላይ ሣሩን አንድ በአንድ ትለቅምለት ጀመር።

ዛሬ እኔም አግብቼ፣ ባለቤቴ ያለበት ቦታ ዊተን ይሁን ስፕሪንግፊልድ ስልኬ ካርታ ላይ አየዋለሁ፤ እሱም እኔን ያየኛል። መጠርጠርም መከተልም ቀርቷል፤ ይህም ደግ ነው። ግን አንድ ቀን በር ቢዘጋብኝ፣ ሰው ሁሉ ሲስቅ ብቻውን ብድግ ብሎ “ክፈቱላት” የሚልልኝ ይኖር ይሆን እላለሁ።