የላላው ፍሪሲዮን

የጋሼ ጥርስ ሥራ ጥርስ ማመላለስ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሚሠሩት ዘንድ ይረከብና ለየሐኪሙ ያደርሳል፤ ከሐኪሞቹ ደግሞ የታካሚውን የድድ ልክ የያዘውን ጄሶ ተቀብሎ ይመለሳል። ዕቃው ተሰባሪ፣ ባለቤቱም አፉን በመሐረብ ሸፍኖ የሚጠብቅ ነውና መዘግየትም መቸኮልም አይሆንለትም። ሣጥኑን በስፖንጅ ለብዶ ከሞተሩ ኋላ አስሮ፣ በመኪና መካከል ሲሹለከለክ ጠጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። ጎረምሶች በስሙ ሲያሾፉበት፣ "ሳቁ፣ ሳቁ! ነገ ስታረጁ ጥርሳችሁን የማመጣላችሁ እኔ ነኝ" ይላቸዋል።

ታዲያ ያቺ ዕድሜ ልኩን የኖረባት ሞተር ደከመች። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው አይሄድም። በግራ እጁ ጨብጦ ማርሽ የሚቀይርበት የፍሪሲዮን ሸራው ቶሎ ቶሎ እየተቃጠለ፣ አዲስ ሲገባለትም ሳይከርም ያልቃል። የጥገናው ወጪ ደመወዙን እየቀደመ ሄደ። ቡሎን የሚሉት መካኒኩ የማንንም ሞተር የእሷን ያህል ፈትቶ አያውቅም።

"ጋሼ፣ በቃት" አለው አንድ ቀን፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ለእሷ መለዋወጫ ስትገዛ ከምትኖር ሌላ ግዛ።"

ይህን ሲል ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ ነበር። ጋሼ ጥርስ ግን ለሞተሯ አዝኖ ነው ብሎ አለፈው።

ሞተር መሸጫ ቤት ከሚስቱ ጋር ሄዱ። ሚስቱ ስለ ሞተር የምታውቀው ከኋላ መቀመጡን ብቻ ነው፤ አስተያየት ግን አላነሳትም። ፊት ለፊት ቀይዋ ቆማለች፤ የነዳጅ መያዣ ሰልባትዮዋ የሚያብረቀርቅ፣ ወገቧ ቀጠን ያለ፣ ቆማም የምትሮጥ የምትመስል። ከእሷ ቀጥሎ ጥቁሯ፤ ከባድ፣ ኮስታራ፣ መለዋወጫዋ በየጥጉ በርካሽ የሚገኝ። ግድግዳውን ተጠግታ ደግሞ አንዲት ትንሽ፣ ፊቷ ፕላስቲክ የለበሰ፣ ቅርጫት ያንጠለጠለች ሞተር አለች፤ ፍሪሲዮን የላትም፣ ማርሿ በእግር ብቻ ነው የሚቀየረው።

"ያቺ ደግሞ ምንድን ናት? የሽንኩርት መግዣ?" አለ ጋሼ ጥርስ።

"ይሳቁባት እንጂ ነዳጅ በማሽተት ነው የምትሄደው" አለ ሻጩ። "ለእርስዎ ግን ቀይዋ ናት። መልኳን ይዩልኝ!"

"መልክ ዳገት አይወጣም" አለች ሚስቱ። "ጥቁሯን ግዛ። ስትሰበር የትም ትጠገናለች።"

"ገና ሳልገዛት ትሰብሪያታለሽ?"

"ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ? ሁሉም ያው ብረት ነው።"

እሱ ግን ልቡ በቀይዋ ላይ ወድቋል። ተቀመጠባት። መሪዋ እንደ ታዘዘ ይዞራል፣ ወንበሯ ለእሱ የተለካ ይመስላል፤ በመስተዋቷ ራሱን ቢያይ ሌላ ሰው አየ። ማርሽ ሊያስገባ ግራ እጁን ጨበጠ። የፍሪሲዮኑ ማንሻ እምቢ አለ። ደግሞ ሞከረ፤ ጣቶቹ ግማሽ መንገድ ሄደው ቀሩ።

"ይህ ደረቅ ነው" አለ። "ፋብሪካው አበላሽቶታል።"

ሻጩ መጣና በሁለት ጣቱ ጨብጦ ለቀቀው። "ምንም አላለም፣ አባቴ። አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለሰልሳል።"

ወደ ጥቁሯ ተሻገረ። የእሷ ባሰ። ጥርሱን ነክሶ ቢጨብጥ ላብ ግንባሩን አቋርጦ ወረደ። "የዛሬ ሰው ብረት ያበዛል" አለና ከሞተሯ ወረደ። ሚስቱ ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር ጣል ታደርግ ነበር፤ ያን ዕለት ቦርሳዋን ከፍታ የማትፈልገውን ነገር ትፈልግ ጀመር።

እሷን ወደ ቤት ሸኝቶ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደ። ቡሎን መጥቶ ቀይዋን አይቶ ፍሪሲዮኗን እንዲያለሰልስለት ሊለምን ነው። ቡሎን ወጣ ብሎ ነበር። አሮጌዋ ሞተር ሆዷ ተከፍቶ፣ አንጀቷ ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈ ጋዜጣ ተዘርግቷል። ከፍሪሲዮኗ የወጡት ሞላዎች በአንድ ወገን፣ ልኩ እንዲታይ የመጡ አዳዲሶቹ በሌላ ወገን ተደርድረዋል። አሮጌዎቹ አጭሮች ናቸው። አርጅተው አልነበረም ያጠሩት፤ ጫፋቸው በመጋዝ ተቆርጧል።

ቡሎን ሲገባ ሞላውን ይዞ ቆሞ አገኘው።

"ይህን ማን ቆረጠው?"

ቡሎን በሩ ላይ ቀረ። "እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"መጀመሪያ መጥተህ 'ፍሪሲዮኗ ደረቀ' አልከኝ። ፈታሁት፤ ምንም አልነበረውም። ካቮ ሽቦውን ቀየርኩ፣ ዘይት አጠጣሁ። በነጋታው ደግሞ ደረቀ አልክ። ምን ልበልህ?"

"እውነቱን ነዋ!"

"እውነቱ እጅህ ነው፣ ጋሼ።"

ጋሼ ጥርስ ግራ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ፤ የተሰረቀ ዕቃ እንደተገኘበት ሰው።

"ትንሽ ቆረጥኩልህ፤ ደስ ብሎህ ሄድክ" አለ ቡሎን። "ስትመለስ ደግሞ ትንሽ ቆረጥኩ። ሞላው ሲያጥር ሸራውን አጥብቆ አይዝም፤ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። አውቄ ነው። የሸራውን ዋጋ ስንቴ ከኪሴ እንደቻልኩት ታውቃለህ?"

"ገደልካት በለኛ።"

"አንተን ሥራ ላለማስፈታት ብዬ።"

ከውጭ የአንድ ሰው ሞተር አልነሳ ብሎ ያስላል።

"እንግዲያውስ የቀይዋንም ቁረጥልኝ" አለ ጋሼ ጥርስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አልቆርጥም።"

"ታላቅህ ነኝ፣ ለመንኩህ።"

"ታላቄ ስለሆንክ ነው የማልቆርጠው። ዳገት ላይ የጭነት መኪና ከኋላህ እያለ ብትከዳህ ለእትዬ ምን እላታለሁ?"

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ እንደ ልማዷ ፊቱ ቆማ የሸሚዙን ቁልፍ ትቆልፍለት ጀመር። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የቆየ ትዳር ፍቅር አድርጎት ነበር። አሁን ጣቶቿን አያቸው። የማርማላታው ክዳን ሁልጊዜ ላልቶ መጠበቁ፣ ባለ ክር ጫማው ሳይታሰር በሚጠለቅ ጫማ መለወጡ ትዝ አለው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ እሱን ግን ሲወስደው ያሳሳቁት የገዛ ወዳጆቹ ናቸው።

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"ምኑን?"

"ይህን።" እጁን አነሳው።

የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈችና ኮሌታውን አስተካከለችለት። "ሐኪም ይይህ ስልህ 'እኔ ሐኪም ቤት ጥርስ ላደርስ እንጂ ልታከም አልሄድም' ያልከው ማን ነው? ስቆልፍልህ ደስ ይልህ ነበር። ደስታህን ልንጠቅህ?"

መቆጣት ፈለገ፤ በማን ላይ እንደሚቆጣ አላወቀም።

በኋላ ሄዶ የታየው ሐኪም ነርቭ ነው አለ፤ ባለበት ይቆይ እንደሆን እንጂ ወደ ቀድሞው ጤናው አይመለስም አለ። ሥራ መፍታት ግን አልሆነለትም። ጥርስ የሚጠብቅ አፍ አለ፤ ቤቱም እንጀራ ይጠብቃል። ስለዚህ ወደ መሸጫው ብቻውን ሄደ። በቀይዋ አጠገብ ሲያልፍ በመስተዋቷ ላለመታየት ፊቱን ዞር አደረገ።

"ትንሿን ልውሰዳት" አለ።

"ጥሩ መርጠዋል!" አለ ሻጩ። "ለባለቤትዎ ነው?"

"ለእኔው ነው" አለ ጋሼ ጥርስ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ።

ቡሎን ቅርጫቱን ነቅሎ የጥርሱን ሣጥን ከኋላ አሰረለት። ሞተሯን አስነስቶ ጆሮውን ሰጣት።

"ጤነኛ ናት። ጥገናዋም አይከብድህም።"

"ስንት ዓመት ታገለግለኛለች?"

"እሷ?" አለ ቡሎን። "እሷማ ብዙ።" ከዚያ ጨርቁን አንስቶ ያልቆሸሸውን ወንበር ይጠርግ ገባ።

ጋሼ ጥርስ ተቀምጦ ወጣ። ማርሹን በእግሩ ረገጠው፤ ሞተሯም ያለ ጭቅጭቅ ሄደች። ግራ እጁ ግን አልሰማም። ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጣቶቹ ተዘርግተው የሌለውን ማንሻ ይፈልጋሉ፤ ሲያጡት ነፋሱን ግማሽ ድረስ ጨብጠው ይመለሳሉ። "ተው" አለው እጁን፣ እንደ ልጅ። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ማርሽ ቀነሰ፤ እጁም ደግሞ ተዘረጋ።