የተዋስነው የክርስትና ስም

ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም፣ ሰቆጣ ላይ፣ አንድ ቄስ ቀላል ጥያቄ ጠይቀውኝ መልስ አጣሁ። ጋዜጠኛ ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሰው ስም ከነአባቱ ጠይቄ፣ ፊደሉን አረጋግጬ በመጻፍ ነው። ያን ቀን የተጠየቅሁት የገዛ እናቴን ስም ነበር። ነገሩ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ለሥራ ሰቆጣ ገብቼ ነበር። ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ሲሳይ ደወለ።

"ጋሼ፣ እማ ታማለች። ሆዷ ተነፍቶ አደረ፤ የቀመሰችውን ሁሉ ታስመልሳለች።"

እናታችን ጥሩዬ የምትኖረው ደሃና ውስጥ፣ መኪና የማይደርስበት መንደር ነው። ጎረቤቶች በጭቃው ላይ እየተፈራረቁ በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ድረስ አወጧት። ከዚያ ወዲያ ከሲሳይ ጋር በአምቡላንስ መጣች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስትወርድ አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ጋቢዋ ላይ የተሸካሚዎቹ የጭቃ እጅ ታትሟል። ዓይኗ ተገልጧል፤ እኔን ግን አላየችኝም።

ምንም አልተሰማኝም። ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲቃጠል ቆሜ የመዘገብኩበት ልማድ ይሆናል። ሐኪሙን ልክ በሥራ ላይ እንዳለሁ ጠየቅሁት። አንጀቷ ተጠማዝዟል፣ ሆዷ አሁኑኑ መከፈት አለበት፣ የመጣችው ግን ዘግይታ ስለሆነ ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም አለኝ። ፈረምኩ። ይዘዋት ገቡ።

ሲሳይ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። እኔ የግድግዳውን ቀለም አያለሁ። ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ነጭ።

"ጋሼ፣ እንዲህ ደርቀህ ከምትቆም ቤተ ክርስቲያን ሂድ" አለኝ። "ቅዳሴ ሳይወጣ ድረስ። አባቶች በጸሎት ይያዙልን። እኔ እዚህ አለሁ።"

ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። ሄድኩ። ለዘገባ ካልሆነ በቀር ቤተ ክርስቲያን ከገባሁ ቆይቶ ነበር።

ስደርስ ቅዳሴው ወጥቷል። ዝናቡ ያካፋል። ጫማዬን ግቢው በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ሴቶች ጸበል ሊጠጡ ተሰልፈዋል። አጠገባቸው የቆሙትን አረጋዊ ቄስ መስቀል ተሳለምኩና ነገርኳቸው።

"እናቴ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታለች። ይጸልዩላት አባቴ።"

"እግዚአብሔር ይማራት። ስሟ ማን ነው?"

"ጥሩዬ።"

"እሱ የዓለም ስሟ ነው ልጄ። ስትጠመቅ የወጣላትን፣ የክርስትና ስሟን ነው የምጠይቅህ።"

አላውቅም ነበር። ሲሳይ ጋ ደወልኩ። ሲሳይ ገና በልጅነቱ ዓረብ አገር ሄዶ በቅርቡ የተመለሰ ነው።

"እኔ እማ ነው የምላት" አለኝ። "ሌላ ስም እንዳላት በምን አውቃለሁ?"

አባታችን በሕይወት የለም። የንስሐ አባቷ ጋ ሞከርኩ፤ በዚያ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው ሲፈቅድ ነው። ደግሜ ሞከርኩ። አልሠራም።

"ይሄን የሚያህል ሰውዬ የእናቱን ስም አያውቅም?" አለች ከተሰለፉት አንዷ።

"ተይው፣ ከተሜ ነው" አለቻት ሌላዋ።

ስልኬን ወደ ኪሴ ከተትኩ። እውነታቸውን ስለነበር አልከፋኝም። ይልቅ ተመልሼ ልሄድ ስል ጃንጥላ የያዙ አንዲት እናት ከሰልፉ ወጥተው ጠጋ አሉ።

"አባ፣ የሷ እስኪገኝ በእኔ ስም ይያዙላት። አስካለ ማርያም ይበሉላት።"

ቄሱ ዞረው አዩዋቸው። "ስም ይዋሳል እንዴ?"

"ምን ቸገረ? እኔ ዛሬ ደህና ነኝ፤ አልፈልገውም።"

"አንቺ!" አለቻቸው ጓደኛቸው። "ነገ ስትታመሚ በማን ስም ልንጸልይልሽ ነው?"

"ያኔ ደግሞ የሷን ታውሰኛለች።"

ሴቶቹ ሳቁ። ቄሱም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ "ለማን እንደሆነማ እሱ አይጠፋውም" አሉና መስቀላቸውን አነሡ። ሰልፉ ፈረሰ። ሴቶቹ በዝናቡ ውስጥ ከበቡን። ቄሱ በግእዝ "ለአመትከ አስካለ ማርያም"፣ ለአገልጋይህ ለአስካለ ማርያም፣ ሲሉ ሁሉም "እግዚኦ" አሉ። ባለ ጃንጥላዋ እናት ጃንጥላቸውን አጥፈው በራሳቸው ስም ለእናቴ ሰገዱ።

ያኔ እግሬ በረደኝ። እርጥብ ድንጋይ ላይ ነበር የቆምኩት። ከጠዋት ጀምሮ የተሰማኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ቅዝቃዜ ነው። ቀጥሎ፣ ልትድን ትችላለች የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ማስረጃ አልነበረኝም። ሐኪሙ ያለኝ ነገር አልተለወጠም። ነገር ግን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች እናቴን ይዘው በክርስቶስ ፊት ቆመው ነበር። ብቻዋን አልነበረችም። እኔም ብቻዬን አልነበርኩም።

ሊመሽ ሲል ሐኪሙ ወጣ። የሞተውን የአንጀት ክፍል ቆርጠው አውጥተዋል፤ የቀረው ደህና ነው። "ክፉውን አልፋለች፤ የሚቀጥሉትን ቀናት እናያለን" አለ። ሲሳይ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት።

በማግሥቱ ነቃች። መጀመሪያ የጠየቅኋት ያንኑ ነው።

"እማ፣ የክርስትና ስምሽ ማን ነው?"

ከንፈሯ ደርቋል።

"ምነው፣ ለፍትሐት ፈለጋችሁት?"

ሲሳይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅሁም።

"ወለተ ኪዳን" አለች።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ "የሴትዮዋ የዓለም ስምስ?" አለች።

አልጠየቅሁም ነበር።

ከሰቆጣ ከመውጣቴ በፊት ልጠይቅ ተመለስኩ። ጾሙ ተፈትቷል። ቄሱ እንደነገሩኝ እኒያ እናት ለሱባኤ ከፃግብጂ የመጡ ነበሩ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እሳቸውም የሚያውቋቸው በክርስትና ስማቸው ብቻ ነው። የእናቴን የዓለም ስሟን ይዤ የክርስትናዋን አጣሁ፤ የኒያን እናት ደግሞ የክርስትናቸውን ይዤ የዓለሙን አጣሁ። በዚያ ስም ሰው እንዴት እንደሚፈለግ ሙያዬ አላስተማረኝም።

እናቴ አሁን ቤቷ ናት። በጥቂት በጥቂቱ ትበላለች። ያዳናት ቀዶ ሕክምናው ነው፤ ይህን አልደብቅም። እሷ "እግዚአብሔር በሐኪሙ እጅ አዳነኝ" ትላለች። ከዚህ የተሻለ ዓረፍተ ነገር ስለሌለኝ አላርማትም። ስትጸልይ ከእኔና ከሲሳይ ስም ቀጥላ አስካለ ማርያምን ትጠራለች። አንድ ጊዜ ለምን አሁንም ትጠሪያታለሽ፣ አታውቂያትም አልኳት።

"ታማ ቢሆንስ?" አለችኝ።

እኔም የትም ብሆን ሁለቱን ስም እጠራለሁ። ወለተ ኪዳን፣ አስካለ ማርያም። ሰው ሲጸልይ ይሰማዋል የሚሉት ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይሰማኝም። ግን ሳልጠራቸው አልተኛም።