ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ጀርባዬን የመለሰልኝ ኤሌክትሪክ

መጀመሪያ ያሳከከኝ ቀኝ ትከሻዬ ሥር ነው። የከተማችን የመርሳ ሙቀት ነው፣ ላብ ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከጀርባዬ እስከ ጡቴ ሥር ተሰልፎ ወጣ። ጎረቤቴ ዘሀራ አየችና «አልማዝ ባለጭራ ነው። መርፌ አይወድም፤ ሐኪም ቤት ከሄድሽ አለቀልሽ» አለችኝ። አመንኳት። ቅጠል እየቀባሁ ሁለት ሳምንት ቤቴ ተቀመጥኩ።

ቁስሉ ደረቀ። ሕመሙ አልሄደም። ልብስ ሲነካኝ ያቃጥለኛል። ነፋስ ሲነካኝ ይወጋኛል። አለቀስኩ።

ልጄ ውርጌሳ ከተማ አስተማሪ ናት፤ የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ነበር፣ ሕፃኗን የማዝልላት ደግሞ እኔ ነኝ። ማዘያው ጀርባዬን ሲነካው ጮህኩ፤ ሕፃኗም አብራኝ ጮኸች። ልጄ ሥራዬን እለቃለሁ ማለት ስትጀምር ሚኒባስ ተሳፍሬ ወልድያ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ሐኪሙ «እናቴ፣ ቆዳዎ ድኗል፤ የተጎዳው ነርቭዎ ነው። በወጣብዎ በሦስት ቀን ውስጥ ቢመጡ ኖሮ የሚዋጥ መድኃኒት እንሰጥዎት ነበር» አለኝ። የሚዋጥ! ዘሀራን በልቤ ምን እንዳልኳት አልጽፈውም።

አሚትሪፕቲሊን የሚባል የነርቭ ሕመም የሚያስታግስ ኪኒን አዘዘልኝ። ሕመሙ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልተወኝም፤ ስለዚህ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ። እዚያ ያለችው ባለሙያ ቴንስ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አወጣች፤ በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ነገር ቀላል ኤሌክትሪክ ይሰጣል። መርፌ ፈርቼ የቀረሁት ሴትዮ ለኤሌክትሪክ በቃሁ! «መብራቱ ኃይል ቢጨምርስ?» ብላት ሳቀች። «በባትሪ ነው እናቴ። ቀስ ብዬ ነው የምጨምረው፤ ሲበቃዎ ይንገሩኝ።» ከጠባሳው ዳር፣ ጤነኛው ቆዳ ላይ ለጠፈችልኝ። ጉንዳን የሚሄድብኝ መሰለኝና እኔም ሳቅሁ።

በሳምንት ሁለት ቀን እየተመላለስኩ፣ ኪኒኑንም ሳላቋርጥ፣ መጀመሪያ ቀሚሴን ያለ እንባ መልበስ ቻልኩ፤ ቆይቶም በቀኝ ጎኔ መተኛት፤ በሦስተኛው ወር ደግሞ ማዘያውን ራሴ ጠይቄ አስመጣሁት። ዘሀራ አንድ ቀን አብራኝ ሄዳ መሣሪያውን ስታይ «ለጉልበቴስ አይሆንም?» አለች። እሷ እቴ!

አልሐምዱሊላህ፣ ሐኪሙንም ባለሙያዋንም አላህ ይጨምርላቸው። እናንተም እንዲህ ያለ ሽፍታ በአንድ ጎናችሁ ከወጣ ጎረቤት ሳታማክሩ ቶሎ ታዩ። ሕመሙ አልለቅ ካላችሁም ስለ ቴንስ ጠይቁ፤ ሁሉን ሰው አያድንም፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ደግሞ አስቀድሞ ይናገር። እኔንም ጨርሶ አልለቀቀኝም። ዛሬ ትንሽ ይወጋኛል፤ የልጄ ልጅ ግን ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷታልና ላወርዳት አልፈለግሁም።