ከፍ አድርገህ አንብብ

የያዙኝ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና እያረምኩ። ነቀምቴ ስመደብ ከጎጃም ይዤው የመጣሁት ትንሽ ዳዊት ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ጣቢያው በር ላይ የፈተሸኝ ፖሊስ ገለጥ ገለጥ አድርጎ መለሰልኝ።

«ጸልይበት፤ ያስፈልግሃል» አለኝ። የሚቀልድ አልመሰለኝም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የበቆሎ መጋዘን ነበር። ከወለሉ ስንጥቅ ነቀዝ ይወጣል። ጥግ ላይ ከጉቶ ጊዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል። ልጃቸው የእኔ ተማሪ ነበር፤ ጫካ ገብቷል ተባለ፤ እኛ ደግሞ ያለበትን እንድንናገር ነው የታሰርነው። ሁለታችንም አናውቅም።

«ባውቅማ ራሴ ሄጄ በጆሮው ይዤ አመጣው ነበር» አሉኝ። እሳቸው «ባርሲሳ» ይሉኛል፤ መምህር ማለታቸው ነው። እኔም እንደ አገሩ ልጅ «አቦ»፣ አባቴ፣ እላቸው ጀመር።

በሦስተኛው ቀን፣ ስንቅ በሚገባበት ሰዓት፣ መርማሪው አስጠራን። አቦን ወደ ጎን ክፍል አስገቧቸው። እኔን ከአጥሩ ውጭ የተሰለፉት ሴቶች በሚታዩበት መስኮት ሥር አቆመኝ።

«ዳዊት ትደግማለህ አሉ።»

«አዎ።»

«ምስጋናውን አንብብ። ከፍ አድርገህ፤ ሴቶቹ ይስሙህ።»

ለምን እንደሆነ የገባኝ ከጎን ክፍሉ የመጀመሪያውን ምት ስሰማ ነው። ቆም ስል በዱላው ጫፍ ጎኔን ነካ አደረገኝ። አነበብኩ። ፀሐይና ጨረቃን፣ ተራራና ኮረብታውን፣ ከበሮና በገናውን ለምስጋና የሚጠራውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት «አሜን» አለች። ጩኸቱ እስኪያልቅ ድረስ አላቋረጥኩም።

አቦን ጎትተው ሲመልሷቸው እግራቸው አይረግጥም ነበር። ግድግዳውን ተደግፈው ከተቀመጡ በኋላ፦

«ባርሲሳ፣ ያነበብከው ምን ይላል?» አሉኝ።

መዋሸት አማረኝ። «አመስግኑ ነው የሚለው።»

«ለሚያለቅስ ሰውስ የለውም?»

«አለው። እንዲያውም እሱ ይበዛል።»

«እንግዲያ እሱን አንብብልኝ።»

በተሰባበረ ኦሮምኛዬ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው፤ ፊቱን ስላዞረበት ከአምላኩ ጋር የሚሟገተውን ሰው ልቅሶ። ስሳሳት ያርሙኛል።

«ዋቃን እንዲህ ይናገሩታል?»

«ይናገሩታል አቦ።»

«ደፋር ሰው ነው» አሉ፤ ድገምልኝ ብለውም አስደገሙኝ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ጠሩን። አቦን አስገቧቸው፤ እኔንም መስኮቱ ሥር አቆሙኝ። ልቅሶውን ገለጥኩና ባለ በሌለ ድምፄ አነበብኩት፤ ጠላት ስለከበበው፣ አጥንቱ ስለዛለ፣ የሚሰማው ስላጣ ሰው። የሴቶቹ ወሬ ቀስ በቀስ ቆመ። ድምፄም ቢሆን ጩኸቱን አልሸፈነውም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ወጡ።

መርማሪው ለአፍታ አዳመጠ። «ይሄ ምስጋና አይደለም።»

«ዳዊት ነው።»

በያዘው ዱላ አፌን መታኝ። ሁለት የፊት ጥርሶቼ እዚያው ቀሩ።

አቦ ያን ቀን አልተመለሱም። ሳምንቱን ሙሉ ጠየቅሁ፤ «ተዛውረዋል» ይሉኛል። የት እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ከአራት ወር በኋላ ስፈታ መጀመሪያ የሄድኩት ጉቶ ጊዳ ነው። ባለቤታቸው በርጩማ አቀረቡልኝ። አስከሬን አልተሰጣቸውም፤ ወሬም አልደረሳቸውም። ስለ ምግቡ፣ ስለ መኝታው ጠየቁኝ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ጮኸ?» አሉኝ።

«እኔ እያነበብኩ ነበር እማዬ» አልኳቸው። ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም።

አሁንም እዚሁ ነቀምቴ አስተምራለሁ። ጠዋት ጠዋት ዳዊት እደግማለሁ። ልቅሶው አይከብደኝም፤ ጎረቤት እስኪሰማ አነበዋለሁ። ምስጋናው ላይ ስደርስ ግን ድምፄን አጠፋና በዓይኔ ብቻ አልፈዋለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ማን እንዳለ አላውቅም።