ዓምሃ እንዳለው

ጸዳለ በስደት ከምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት፣ ከቬስትሊ ባርነሃገ፣ ሥራዋን ጨርሳ ቶየን ጣቢያ ስትወርድ ደሟ ፈልቶ ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው የበዓል መጽሔት ረቂቅ በስልኳ ደርሷት፣ የሟች ባሏን የዓምሃን ቃል ብታነበው የሌላ ሰው ቃል ሆኖ አገኘችው።

የቤተ ክርስቲያኑን የመጀመሪያ አዳራሽ ኦከርን ሰፈር ያገኘው ዓምሃ ነው። ጣራው ሲያንጠባጥብ ሰዉ ሁሉ ቢያመነታ፣ «ቢያፈስስ ምናለበት፤ እግዜር ዝናብ ይፈራል እንዴ?» ብሎ አሳቃቸውና ተከራዩት። ይህንኑ ነበር ለመጽሔቱ ጸሐፊ ለዲያቆን ኃይለአብ የነገረችው። እሱ ግን፣ ወይ አለማፈር፣ «ኦ አኀውየ፣ ልዑል እግዚአብሔርን የሚያስፈራው አንዳች የለም» ብሎ ጽፎት ቁጭ። ዓምሃ በዕድሜው በግዕዝ «ኦ አኀውየ»፣ ወንድሞቼ ሆይ፣ ብሎ አያውቅም።

የኃይለአብ ቢሮ ገብታ ስልኳን ፊቱ አስቀመጠችለት።

«እትዬ ጸዳለ፣ አስተካከልኩልዎት እኮ።»

«ናይ!» አለች በሚኖሩበት አገር ቋንቋ፤ አይደለም ማለቷ ነው። «ምኑ ተበላሽቶ ነው የምታስተካክለው?»

«የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ወግ አለው። የሰፈር ጨዋታ አይገባበትም።»

ይኼኔ ባሰባት። ልጇ ሩቲ ጣልያናዊ አግብታ ጣልያን አገር ወልዳለች፤ ጸዳለም ከልጅ ልጇ ጋር ለማውራት ስትል ማታ ማታ ጣልያንኛ ትማራለች። በዚያው ሰሞን አስተማሪዋ ያወራችላቸው ነገር አንጀቷ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

«ስማኝ። ከሺህ ዓመት በፊት ጣልያኖች የሚጽፉት በላቲን ነበር፤ እንደ እኛ ግዕዝ በለው። መንገድ ላይ የሚያወሩትን ለብራና ይበቃል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ካፑዋ የሚባል ከተማ አንድ ገዳም በመሬት ተሟገተ። ፍርዱ በላቲን ተጻፈ። የምስክሮቹ ቃል ላይ ሲደርሱ ግን፣ ‹ሳኦ› አሉ፣ ‹ሳኦ› ተብሎ ሰፈረ። አውቃለሁ ማለት ነው። ማንም አላረመውም። ዛሬ የጣልያንኛ ታሪክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠሩት ያንን ነው። የገዳም ጉዳይ መሆኑን ልብ በል።»

«እኛን ከጣልያን ምን አገናኘን?»

«ዓምሃ ሞቷል፣ ኃይለአብ። ድምፁን አልቀዳሁትም። የቀረኝ አነጋገሩ ነው፤ እሱንም አንተ ካባ ደርበህ ልትቀብርብኝ ነው።»

ኃይለአብ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የራሱን አጠፋና «ቢያፈስስ ምናለበት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«ሌላው እንዳሉት ይሁን። ‹እግዜር› የምትለዋን ብቻ ‹እግዚአብሔር› ልበላት። ለስሙ ክብር ነው።»

ጸዳለ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለች።

«ሆስፒታል እጁን ይዤው ነበር። ውሃ አጠጣሁት። ‹እግዜር ይስጥሽ› አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። እሱንም አርምልኝ እስቲ።»

ኃይለአብ አንገቱን ደፍቶ «እግዜር» ብሎ ጻፈ።