በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል

ዲያቆን ሩበን ተንበርክኮ ራሱን ከጠረጴዛ ልብሱ ስር ከተተ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የቀረው ቂጡ ብቻ ነበር።

«ታየህ?» አለችው ሰቪላ።

«ጨለማ ነው፣ አክስቴ።»

«ልብሱን ላንሳልህ?»

«አይንኩት። እንዳለ ነው ማየት ያለብኝ።»

ሰቪላ ጊንገሪች ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ገጠር፣ መብራትና መኪና በማይገባበት የአሚሽ ክርስቲያኖች ማኅበር ውስጥ ተወልዳ፣ ተጠምቃ፣ አግብታ፣ ሰባት ልጆች ድራለች። በጉባኤ ፊት አንድም ቀን ስሟ ተነስቶ አያውቅም። አሁን የተነሳው ከባሏ ጋር ምሳ በልታለች ተብሎ ነው።

ባሏ ኤኖስ ውጉዝ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የልጅ ልጁን የደም በሽታ ያዛትና በየሳምንቱ ኮሎምበስ ከተማ ሆስፒታል መመላለስ ነበረባት። ሕጉ በሰው መኪና መሄድን ይፈቅዳል፤ የራስ መኪና መያዝን ይከለክላል። እንግሊዝ ጎረቤቶች (ከማኅበሩ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ እዚህ እንግሊዝ ነው) ተራ ገብተው ዘጠኝ ሳምንት አመላለሷት። በረዶው ሲከፋ ቀሩ። ኤኖስ በስልሳ ስምንት ዓመቱ መንዳት ተማረና አንድ አሮጌ መኪና ገዛ። ልጅቷ ዳነች። እሱም መኪናውን ሸጠ። የቀረው፣ እሑድ ጉባኤ ፊት ተንበርክኮ «አጥፍቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር።

«ሸጬዋለሁ» አለ። «አጥፍቻለሁ ግን አልልም። ብል ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ከመኪና የባሰ ኃጢአት ነው።»

አወገዙት። ከውጉዝ ጋር በአንድ ገበታ አይበላም፤ ከእጁም ምንም አይወሰድም። ለእሱ መስጠት ግን ይቻላል። ሕጉ ጨካኝ አይደለም።

ባለፈው መስከረም ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ከዚያ ወዲህ ሰቪላ አጠገቡ ካልተቀመጠች አይበላም። ልጆቹ ሌላ ክፍል ለብቻው አቅርበውለት ነበር፤ ሳህኑ እንደ ሄደ ይመለሳል። በአንድ ወር ውስጥ ሱሪውን ሁለት ጊዜ አጠበበችው። በመጨረሻ ሁለት ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን አስጠግታ አንድ ልብስ አለበሰቻቸው። እሱ በዚያኛው፣ እሷ በዚህኛው። ጉልበታቸው ይነካካል። ኤኖስ መብላት ጀመረ።

ጎረቤቷ ፋኒ እርሾ ልትበደር ገብታ ይህን አየች። እርሾውን ሳትወስድ ወጣች።

ጠረጴዛው አንድ ነው ከተባለ ሰቪላም ትወገዛለች፤ ወይም ባሏን ለብቻው አስቀምጣ ሳይበላ ሲቀር ታየዋለች። ሁለት ነው ከተባለ ምንም የለባትም። በመካከላቸው ስንት ይራቅ የሚለውን ሕጉ አይናገርም። ሩበን ደግሞ አናጺ ነው፤ ሜትር ይዞ መጣ።

«አንድ ኢንች ከሩብ» አለ ከስር።

«በቃ፣ ሁለት ናቸዋ።»

«ጠባብ ነው።»

«ለማን? አንተ ልታልፍበት ነው?»

«በዚያ ቦርጭ!» አለ ኤኖስ ከዚያኛው ጠረጴዛ እያኘከ።

ሩበን ሊስቅ ብሎ ተወው። «አክስቴ፣ እኔ ዲቁናውን ለምኜ አይደለም። ዕጣ ነው የወጣብኝ።»

«አውቃለሁ። ሚስትህ ሦስት ቀን አልቅሳለች።»

«ቢያንስ አንድ ክንድ ፈቀቅ ያድርጉት።»

«አንድ ክንድ ከራቀ ማንኪያዬ አፉ ጋ አይደርስም። እንግዲያው በየቀኑ እየመጣህ አንተ አጉርሰው።»

ሩበን ሊነሳ ሲል ራሱን ጠረጴዛው መታው። ሜትሩ ከእጁ አምልጦ እየተንከባለለ ኤኖስ እግር ስር ቆመ። ኤኖስ ጎንበስ አለ። በግራ እጁ ሁለት ጊዜ ሳተው። በሦስተኛው ያዘውና ዘረጋለት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አጎቴ» ብሎ ሩበን ተቀበለው።

ዲያቆኑ ሜትሩን አየ፤ እጁን አየ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልኝ ማለት ነበረበት። ይህንን ለወጣቶቹ የሚያስተምረው እሱ ነው።

«ወየው!» አለ።

«መልሰህ ስጠኝ» አለ ኤኖስ። «መስጠት ይፈቀዳል።»

«አክስቴ፣ አይተዋል?»

«ዓይን አለኝ።»

«ይናገራሉ?»

«ሰው ቤት ሄጄ ጠረጴዛ ስር የማይ ሴት አይደለሁም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። ድንቹ ሳይበርድ ብላ እንዳልልህ ደግሞ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደማስቀምጥህ ቸገረኝ።»

በማግስቱ ሩበን ወደ ጳጳሱ ሄደ። ጳጳስ ሌቪ አሳማዎቻቸውን እያበሉ ነበር።

ከኤኖስ እጅ መቀበሉን ነግሮ «ስለካ ነው የሆነው» አላቸው።

«ለካ ያለህ ማነው?»

«ማንም።»

«ስንት ጠረጴዛ አገኘህ?»

«ሁለት፤ ግን...»

«ሁለት ካልክ ሁለት ነው። ዲያቆኔን በሜትር ምክንያት ጉባኤ ፊት ላቁም እንዴ? ዝም በል። ፋኒንም ዝም በይ በላት።»

ሰቪላ በዚህ ዳነች። ሩበንም ዝም ቢል ጉዳዩ በዚያው ያበቃ ነበር። እሑድ ግን፣ ስብከቱ አልቆ ያልተጠመቁት ከወጡ በኋላ፣ ማንም ሳይጠራው ተነስቶ ተንበረከከ። ከውጉዝ እጅ ዕቃ ተቀብያለሁ አለ። ጳጳሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አጥፍቻለሁ ትላለህ?»

«ተቀብያለሁ እላለሁ።»

«ለምን ተቀበልክ?»

«ሰጠኝ።»

ከወንዶቹ ረድፍ አንድ ሰው አሳለ። ጳጳሱ ነገሩን አሰሉት። ቢገፉበት ሩበንንም ማውገዝ ሊኖርባቸው ነው፤ ሩበን ደግሞ ሚስትና ዘጠኝ ልጆች አሉት። ስንት ጠረጴዛ ሊገዛ ነው?

«ተነስ» አሉት። «ጉልበትህን ያምሃል።»

ስለ ሰቪላ ገበታ ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም።

ኤኖስ በመጋቢት ሞተ። ውግዘቱ አልተነሳለትም። መቃብሩን አራት ሰዎች ቆፈሩ፤ አንዱ ሩበን፣ አንዱ የፋኒ ባል ነበር።